የመጀመሪያው ዋንጫ የማን ነበር?

የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ በደረሰ ቁጥር መቱም ሆነ ጎሬ፣ በደሌም ሆነ ያዮ፣ ሻይ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። እኛም ከክርክሩ ቀርተን አናውቅም። ግን እስቲ አንድ ጥያቄ እንወርውርላችሁ፦ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የእግር ኳስ ሻምፒዮን ማን ነው? ጊዮርጊስ ያላችሁ፣ አይደለም። መቻል ያላችሁም፣ አይደለም። እንግሊዞች ናቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም አራዳ ላይ በነአየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ተመሠረተ። ልጆቹ ኳሷን ገና ሳይጠግቧት ግን ጦርነቱ ደረሰ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ያኔ የአገሪቱ መንግሥት የት ተረፈ ብትሉ፣ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ከመቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በምትርቀው ጎሬ። ራስ እምሩ ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው የመጡት ወደዚህች ከተማ ነበር። ጎሬም ብትሆን ብዙ አልቆየች፤ በኅዳር 1929 ዓ.ም ተያዘች።

አዲስ አበባ ላይ ጣሊያኖች ኳስን አልከለከሉም። የከለከሉት አብሮ መጫወትን ነው። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር። የጊዮርጊስን ስም እንኳ አልተዉትም፤ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። ሊቶሪዮ የፋሺስቱ ምልክት ስም ነው። የአራዳ ልጅ በገዛ ሰፈሩ፣ በገዛ ቡድኑ ላይ የገዢውን ስም ተሸክሞ ተጫወተ ማለት ነው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም ተባረረ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በ1944፣ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። ተጋጣሚዎቹ አምስት ነበሩ፦ የአራዳው ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን እና… የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ! ትናንት «አብራችሁ አትጫወቱም» ሲባሉ የነበሩት የአራዳ ልጆችና ጣሊያኖቹ በአንድ ውድድር፣ በአንድ ሕግ፣ እኩል አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ተሰለፉ። ዋንጫው ለእንግሊዞቹ ሆነ።

«የመጀመሪያውን ዋንጫ ፈረንጅ ወሰደው» ብሎ የሚያፍር ካለ፣ ወደ አሜሪካ እንውሰደው። አሜሪካኖች የሚያብዱለት ጨዋታ ቤዝቦል ነው። በትልቁ ሊጋቸው ውስጥ ግን ከ60 ዓመት በላይ ጥቁር ተጫዋች አይገባም ነበር። ጥቁሮቹ ቢቸግራቸው እ.ኤ.አ በ1920 የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ። ጃኪ ሮቢንሰን የብሩክሊን ዶጀርስን ማሊያ ለብሶ ያንን አጥር የሰበረው ሚያዝያ 7 ቀን 1939 ዓ.ም ነው። ቀኑን ቁጠሩት፤ ከአዲስ አበባው ሻምፒዮና በኋላ ነው። አገር ሙሉ ወርቅና ስታዲየም ይዞ ያልደፈረውን፣ ገና ከጦርነት የወጣች ደሃ ከተማ ቀድማ አደረገችው።

ከዚያስ? ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። አሠልጣኙ የጅማ ተወላጁ፣ የቀድሞው የጊዮርጊስ ተጫዋች ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ደግሞ ሉቺያኖ ቫሳሎ፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። ወንድሙ ኢታሎም በዚያ ጨዋታ ጎል አግብቷል። ያ ሕዝብ ከጣሊያን ወረራ ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ ቂም ለመያዝ ምክንያት አላጣም። ግን የሉቺያኖን አባት አገር ሳይሆን የሉቺያኖን እግር አየ፣ አጨበጨበ።

እኛስ ዛሬ ስታዲየም ገብተን ምን እናያለን? ኳሱን ትተን ተጫዋቹ «የማን ወገን ነው?» እያልን የምንቆጥር ሞልተናል። ደጋፊ ተሰዳድቦ፣ ድንጋይ ተወራውሮ የተቋረጠ ጨዋታም አይተናል። እና ሻይ ቤት ውስጥ ክርክሩ ሲግል አንድ ነገር እንለምናችሁ፦ ስለ ጎል ተጣሉ፣ ስለ ዳኛ ተጣሉ፣ እስኪነጋም ተከራከሩ። የልጁን የዘር ግንድ ግን ከሜዳው ውጪ ተዉት።