ከመውደቅ ወደ ማጎብደድ፤ የአንድ ግሥ ታሪክ

የቃላት ታሪክ የተናጋሪዎቻቸው ታሪክ ነው። አንድ ቃል ከዘመን ወደ ዘመን ሲተላለፍ ድምፁን ብዙ ሳይለውጥ ትርጉሙ ከመነሻው እጅግ ሊርቅ ይችላል። «ክሪንጅ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆነናል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው እንደ አገባቡ «ተሸማቀቀ»፣ «ተኮማተረ» ወይም «አጎበደደ» እንላለን። መነሻው ግን ሌላ ነበር።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ክሪንጋን» ማለት በጦር ሜዳ ተመትቶ መውደቅ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ991 ዓ.ም. የኤሴክስ ሹም ቢርትኖዝ ማልደን ላይ ከቫይኪንግ ወራሪዎች ጋር ገጥሞ ወደቀ። ይህን ውጊያ የሚዘክረው ጥንታዊ ግጥም የተዋጊዎችን አሟሟት ሲያነሣ በዚሁ ግሥ ይጠቀማል። በዚያን ጊዜ ቃሉ የሚያሳፍር አልነበረም።

ከዘመናት በኋላ ግን ሞቱ ከቃሉ ወጥቶ መጉበጡ ብቻ ቀረ። በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግሡ በጌታው ፊት የሚያጎበድደውን አሽቃባጭ ይገልጽ ነበር። ሼክስፒር በ1600ዎቹ መጀመሪያ በጻፈው «አንቶኒና ክሊዮፓትራ» ተውኔት ደግሞ፣ አንቶኒ የቄሣርን መልእክተኛ ፊቱ በሥቃይ እስኪጨማደድ እንዲገርፉት ሲያዝ የሚናገረው በዚሁ ግሥ ነው። እንግዲህ አሽቃባጩና ተገራፊው በአንድ ቃል ተጠሩ።

በ1950 አውስትራሊያዊው መምህርና ሐያሲ አርተር ፊሊፕስ «ሚያንጂን» በተባለው መጽሔት ባወጣው መጣጥፍ ቃሉን ወደ ባህል መስክ አሸጋገረው። የአገሩ አንባቢ የራሱን ደራሲ ሥራ በእንግሊዛዊ ዓይን እየመዘነ መሸማቀቁን ተቸ። መፍትሔውም መንጠባረር ሳይሆን ሳይጨነቁ ቀጥ ብሎ መቆም መሆኑን አስገነዘበ። በዘመናችን ደግሞ ወጣቶች ግሡን የሌላው ሰው አጉል አድራጎት ለሚፈጥርባቸው እፍረት ይጠቀሙበታል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ለመምህሩ፣ ለተርጓሚውና ለተዋናዩ ቀላል አይደለም። አሽቃባጩ ጥቅም ፈልጎ ይጎነበሳል፤ የተገረፈው ግን ሳይፈልግ ይኮማተራል። እንግሊዝኛው በአንድ ግሥ ያጣመራቸውን አማርኛችን ለያይቶ ይዟቸዋል። ስለዚህ «ክሪንጅ» የሚል ቃል ሲገጥመን መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን፦ ይህን ጀርባ ያጎበጠው ጥቅም ነው ወይስ ጅራፍ? የሚለውን ነው። ይህን ሳይመረምር የተመታውን ሰው «አጎበደደ» ብሎ የሚተረጉም፣ ባለማወቅ በተበዳዩ ላይ ይፈርዳል።