መድኃኒት ቤትና ሰፈሩ፤ ስለ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶች ሕግና አገልግሎት አጭር ጥናት

ስለ ሐኪምና ስለ ሆስፒታል የተጻፈ ታሪክ አይታጣም። ስለ መድኃኒት ቤት ግን እምብዛም አይጻፍም። ሆኖም የሰፈራችን ሰው ሲታመም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚቆመው በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በምን ሕግ እንደሚተዳደርና ለአካባቢው ምን እንደሚያገለግል አቅማችን በፈቀደ መጠን ለመመርመር አስበናል። ከምርመራው ያገኘነው ዋና ነገር ይህ ነው። «መድኃኒቱን ማን ይስጥ?» ለሚለው ጥያቄ ሕጉ ደረጃ በደረጃ መልስ ሰጥቷል፤ «ድኻው በምን ይግዛው?» ለሚለው ግን መልሱ ከመድኃኒት ሕጉ ውጭ ሲፈለግ ኖሯል።

በቋንቋችን «መድኃኒት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። የሚያድነውን ነገር ያመለክታል፤ ነገር ግን «መድኃኒት አደረጉበት» የተባለ እንደ ሆነ የሚጎዳ ነገር ማለት ነው። ለምሳሌ ኮሶን እንውሰድ። የኮሶ አበባ በየገበያው ይሸጥ ነበር፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰውም በየሁለት ወሩ ገደማ እየጠጣ የኮሶ ትሉን ያስወጣ ነበር። መጠኑ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ለዓይን ብርሃንና ለሕይወትም ያሰጋል። ሻጭዋ አበባውን ትሰጣለች እንጂ ስለ ጠጪው አቅም አትጠየቅም፤ መጠኑን የሚወስነው ልማድና የቤት ሰው ነበር። መድኃኒት አዋቂውም ዕውቀቱን ለልጁ ወይም ለመረጠው ሰው በምስጢር ያወርስ ነበር እንጂ ፈትኖ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አልነበረም። ዋስትናው ስሙና የጎረቤቶቹ እምነት ነበር። ይህን ሁሉ እንደ ድንቁርና ልንቆጥረው አይገባም፤ ኮሶ በእርግጥ ትሉን ያስወጣልና። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ጥፋት ሲደርስ የሚጠየቅ ሰው ነው።

በአዲስ አበባ በአውሮፓውያን ሥርዓት የተቋቋመውን የመጀመሪያ መድኃኒት ቤት በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የከፈቱት የጆርጂያ ተወላጅ የነበሩት ሐኪም ዶክተር ሜራብ ናቸው። ስሙንም በአገራቸው ስም ሰየሙት። እኚህ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ያዩትን በፈረንሳይኛ በሦስት ቅጽ ጽፈው ስላሳተሙ ለታሪክ ተማሪዎች እንግዳ አይደሉም። በእንዲህ ያለው ቤት የሚያዝዘውም የሚሸጠውም አንድ ሰው ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ለበሽተኛው ድካምን ቢቀንስለትም አንዱ ባለሙያ የሌላውን ስሕተት የሚያርምበትን መንገድ ይዘጋል። ዛሬ ሐኪሙ እንዲያዝዝ፣ ፋርማሲስቱ ደግሞ የታዘዘውን መርምሮ እንዲሰጥ የተደረገው ስለዚህ ነው።

የዛሬው ቁጥጥር መሠረት የተጣለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በወጣው የፋርማሲ ደንብ፣ ማለትም በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 288 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ በ1961 በአዲስ አበባ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። የሁለቱ መቀራረብ ትርጉም ያለው ይመስለናል፤ ሕግ ባለሙያን ግድ የሚል ከሆነ ባለሙያው በአገር ውስጥ የሚማርበት ስፍራ ሊኖር ይገባልና። ከዚያ ወዲህ በመጣው አሠራር መድኃኒት የሚሸጡ ቤቶች በሦስት ተከፈሉ፤ እነርሱም ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት ናቸው። ፋርማሲውን የሚመራው በዲግሪ የተመረቀ ፋርማሲስት ሲሆን፣ ሌሎቹ ከእርሱ ባነሰ የትምህርት ደረጃ ባሉ ባለሙያዎች ይመራሉ፤ የሚይዙትም የመድኃኒት ዐይነት በዚያው ልክ ያንሳል። የተማረ ሰው ጥቂት በነበረበት አገር ለሁሉም ቦታ ፋርማሲስት ካልተገኘ ማለት የገጠሩን ሰው ያለ መድኃኒት ማስቀረት ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ ስለ ሰጪው ነው። የገዢው ነገር በጉልህ የተነሣው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነዋሪው በየቀበሌው እንዲደራጅ አደረገ፤ በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አጠናከረ። ማኅበራቱ ሱቅ እንደ ከፈቱ ሁሉ በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤትም ከፈቱ። ዛሬ «ከነማ» እያልን የምንጠራቸው ፋርማሲዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው፤ ይኸውም «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» የሚለው ሲያጥር ነው። የሐሳቡ ፍሬ ነገር መድኃኒት ቤቱ የነጋዴው ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ገንዘብ ይሁን፣ ዋጋውም የድኻውን አቅም ይመልከት የሚል ነበር። እርግጥ በዚያው ዘመን ቀበሌው እስር ቤትም ነበረው፤ ስለዚህ ነገሩን በማሞገስ ብቻ ማለፍ አይገባንም። ቢሆንም ማኅበራቱ ከነሥልጣናቸው ሲያልፉ መድኃኒት ቤቶቹ ቀርተዋል። ዛሬም በከተማው አስተዳደር ሥር ሆነው፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ከበዙት የግል ፋርማሲዎች ጎን ይሠራሉ።

የ1964ቱ ደንብ 35 ዓመት ያህል ከአገለገለ በኋላ አብዛኛው ክፍሉ በመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991 ተተካ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጡ። በዛሬው ሥርዓት ፋብሪካውንና አስመጪውን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው፤ የሰፈሩን መድኃኒት ቤት ፈቃድ የሚሰጡትና የሚመረምሩት ግን ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው።

ሕጉ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ የሰፈር ፋርማሲ ተቀምጠን ነበር። ፈቃዱ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ኢንሱሊኑ በማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ አደንዛዥ መድኃኒቶች በተቈለፈ ሣጥን ተቀምጠው በልዩ የማዘዣ ወረቀት ብቻ ይወጣሉ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለብቻው ተለይቷል፤ ለሁሉም መዝገብ አለው። አንድ ጐልማሳ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ጠይቆ ስለ ተከለከለ እያጉረመረመ ወጣ። ቀጥሎ አንዲት እናት የልጃቸውን ማዘዣ ይዘው መጡ። ሒሳቡን ሲሰሙ «ግማሹን ስጪኝ፤ የቀረውን ከሰሞኑ እወስዳለሁ» አሉ። ወጣቷ ፋርማሲስት «እማማ፣ ግማሹን ወስዶ ከአቋረጠ ሕመሙ ይመለስበታል፤ ሲመለስም ይኸው መድኃኒት ላያሽረው ይችላል» አለቻቸው። «ልጄ፣ ያለኝ ይኸው ነው» አሉ። እርሷም ያንኑ መድኃኒት በዝቅተኛ ዋጋ ከሌላ ፋብሪካ የመጣውን ፈልጋ አገኘች። ያም ሆኖ ገንዘባቸው አልሞላም። መድኃኒቱን ሙሉውን ሰጥታ የጎደለውን በአንዲት ትንሽ ደብተር ጻፈች።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚያያቸውን መዝገቦች አንድ በአንድ አሳይታን ነበር። ያች ደብተር ከእነርሱ ውስጥ አልነበረችም። ሕጉ አልከለከላትም፤ አላዘዛትምም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኒያ እናት በሽታውን አልደበቁም፤ ሐኪም አይቷል፣ ማዘዣ ተጽፏል፣ የሠለጠነ ባለሙያም በፊታቸው ቆሟል። የኮሶ ሻጭዋ ከነበረችበት ዘመን እስከዚህ መድረስ ቀላል ሥራ እንዳልነበረ ታሪኩ ይመሰክራል። ነገር ግን በባለሙያ የተጠበቀ መጠን በገንዘብ እጦት ለሁለት ከተከፈለ የሕጉ ድካም በመስኮቱ ላይ ይቀራል። የከነማ ስም የሚያስታውሰን ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ በሰፈር ደረጃ ተነሥቶ እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ የነገው የመድኃኒት ቤት ሕግ ሲታሰብ ከባለሙያው ፈቃድ ጋራ የገዢው አቅም አብሮ እንዲታሰብ ያስፈልጋል እንላለን። እስከዚያው ድረስ ግን ነገሩ በአንዲት ትንሽ ደብተርና በባለቤቷ በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።