የጣናው ጀልባና የጋይንቱ መንገድ

ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የደቡብ ጎንደር ውሃ የሚከፋፈልበት ጫፍ ነው። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ የሚፈሰው ውሃ ግን ሐይቁን ሳያይ በበሽሎ በኩል ከዐባይ ይቀላቀላል። ዐባይም በበኩሉ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በመታጠፍ የእስቴንና የስማዳን ግርጌ እየዞረ ያልፋል። ስለዚህ የዚህ ደጋ ሰው በጀልባ ተሳፍሮ ባያውቅም፣ የጣና ታሪክ ለእርሱ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በዚህ አገር ትዝታ ውስጥ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ሴባስቶፖል ነው። መድፉ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ያደረገው ጉዞ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ዳሩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ጉዞ በፊት በጣና ላይ ሌላ ሥራ ሞክረው እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

የጣና ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚገለገልበት ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቅና በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም እርስ በርሳቸው እየተጠላለፉ ወለልና ጎን ይሆናሉ። እንጨት የሚንሳፈፈውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በተሻለ፣ ደረቅ ደንገል ይንሳፈፋል። ጉድለቱ ውሃ መጠጣቱ ነው። ታንኳ እንደ እንጨት መርከብ በአንድ ቀዳዳ አይሰጥምም፤ ቀስ በቀስ ይከብዳል፣ ጠርዙም ወደ ውሃው ይቀርባል። ባለቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ስቦ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ያገለገለውንም ጥሎ በወራት ውስጥ አዲስ ይሠራል።

በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዘጌ ሰፍረው ሳሉ ይህንኑ የደንገል ጥበብ ከአውሮፓ ሐሳብ ጋር ለማዋሐድ ተነሡ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝ ራሳም በዚያን ጊዜ ከሐይቁ ማዶ ቆራጣ ተቀምጦ ነበር። ከእርሱ ጋር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፣ ንጉሡ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በሁለት ጎን መንኰራኵር አስገጠሙላቸው። መንኰራኵሩን የሚያዞረው እንፋሎት ሳይሆን የሰው እጅ ነበር። አሠራሩ የእንፋሎት መርከብን ለመምሰል የታሰበ መሆኑ ግልጽ ነው።

አንባቢው መሐንዲስ ከዚህ ላይ የችግሩን መነሻ ሳይገነዘብ አይቀርም። ትንሹን ታንኳ ጥቂት ሰዎች ከውሃ አውጥተው ያደርቁታል፤ ትልቁን ግን ማን ያወጣዋል? የጀልባው መጠን ሲያድግ የሚጠጣው ውሃም ያድጋል፤ ክብደቱን የሚያቃልልለት ፀሐይ ግን አይደርስለትም። ለትንሽ ሥራ የተስማማ ዕቃ በመጠኑ ስለ ተለቀ ብቻ ለትልቅ ሥራ አይስማማም።

ቢሆንም ሙከራው በዕቃው ድካም ብቻ አልተገታም። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ገደማ በሐይቁ ዳር የኮሌራ በሽታ ገብቶ ሠራዊቱን ስለ ፈጀው፣ ንጉሡ ሰፈሩን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር አቀኑ። ከእንግዲህ ወዲያ የእጅ ጥበብ ሁሉ የተሰበሰበው በጋፋት ሆነ፤ ሴባስቶፖልም ተቀልጦ የተሠራው በዚያ ነው።

ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በጋይንት በኩል አልፎ የጂዳንና የበሽሎን ገደል እንዲወርድና እንዲወጣ ቋጥኙ በባሩድ ይፈነዳ፣ ዳገቱም በሰው ጉልበት ይደለደል ነበር። ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደ ነበር የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር ሳይቀር ጂዳን የተሻገረው ንጉሡ ባስጠረጉት መንገድ ነው።

እነሆ፣ የአንድ ሰው ሁለት ሥራዎች፦ አንዱ በውሃ፣ ሌላው በየብስ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ስላለ ትዝታው የሚደገፍበት ነገር አላጣም። ደንገል ግን ይበሰብሳል፤ የጣናው ጀልባ ጠላቂ የሚያገኘው የሰጠመ ብረት የለውም። እርሱን ከመረሳት ያዳነው የአንድ እንግዳ ሰው ማስታወሻ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሙያው ሰው ቀላል አይደለም። በጋይንት መንገድ ላይ የታየው ትዕግሥትና ብልሃት ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ ከርሱ በፊት ያልተሳካ ሙከራ ነበረ። በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀመጠው ግን የተመረቀው ድልድይ ፎቶግራፍ እንጂ የፈረሰው ምሰሶ ስሌት አይደለም። ለምን እንዳልተሳካ ያልተጻፈ ሥራ ሌላ ትውልድ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይሞክረዋል፤ በዚያው ስፍራም ይሰጥማል። በጣና ዳር ያለው ታንኳ ሠሪ ግን ደንገሉ መቼ እንደሚከዳው አባቱ ነግሮታል፤ እርሱም ለልጁ ይነግራል።