የሕፃናት የቤት ውስጥ ንባብ፦ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?

አንድ የ1ኛ ክፍል ሕፃን በክፍል ውስጥ የሚቆየው በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪውን ጊዜ በቤት፣ በማሳ ዳር ወይም ከከብቶች ጋር ያሳልፋል። በክፍል የቆጠረው ፊደል ወደ አቀላጥፎ ማንበብ የሚሸጋገረው ከትምህርት ቤት ውጭም የሚያነበው ነገር ሲያገኝ ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ድምፅ እየረቡ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ ለመልመድ የመምህሩ ጊዜ ብቻውን አይበቃም።

የቤት ውስጥ ንባብ ፕሮግራም ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚሠራ ሥራ ነው። አጫጭር የተረት መጻሕፍትን ለተማሪዎች በውሰት መስጠትን፣ በየሰፈሩ የንባብ ማዕከል ማቋቋምን፣ ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ ተማሪ ታናሹን እንዲያስነብብ ማድረግን እና ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያዳምጡ ማበረታታትን ያካትታል።

ችግሩ ምን ያህል ነው?

በ2002 ዓ.ም በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች፣ ከ13 ሺህ በላይ የ2ኛ እና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎችን ያካተተ የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። በውጤቱም ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማንበብ ያልቻለ ተማሪ የሒሳብም ሆነ የሳይንስ መጽሐፍ ስለማይገባው፣ ክፍል በጨመረ ቁጥር ወደ ኋላ እየቀረ ይሄዳል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር?

ከምዘናው በኋላ የንባብ ሥራው በአብዛኛው የተደገፈው በውጭ እርዳታ ነው። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤድ) አማርኛን ጨምሮ በሰባት የሀገር ውስጥ ቋንቋዎች የንባብ መማሪያ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ ድጋፍ አድርጓል። ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን የማኅበረሰብ ንባብ ሥራ ደግሞ በድርጅቱ ገንዘብ ሴቭ ዘ ችልድረን በተለያዩ ክልሎች ሲያካሂድ ቆይቷል።

ይህ ምንጭ ደርቋል። የአሜሪካ መንግሥት በጥር ወር 2017 ዓ.ም የውጭ እርዳታውን ያገደ ሲሆን፣ ዩኤስኤድም ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ እርዳታ ማካሄዱን አቁሟል። በመሆኑም የቤት ውስጥ ንባብ እንዲቀጥል ከተፈለገ ወጪው በሀገር ውስጥ በጀት መሸፈን ይኖርበታል።

የመንግሥት በጀት ምን ይሸፍናል?

ወረዳዎች ለትምህርት የሚመድቡት ገንዘብ አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል። ለመጻሕፍት፣ ለጥገና እና ለቁሳቁስ የሚቀረው ጥቂት ነው። ከዚህ በተጨማሪ በ2001 ዓ.ም በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ድጋፍ በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። ትምህርት ቤቶች ከማኅበረሰቡ መዋጮ እና ከራሳቸው የውስጥ ገቢም ይጠቀማሉ።

የቤት ውስጥ ንባብ በዕቅድ ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ ካልተሰጠው ግን ከአጥር፣ ከወንበርና ከጣሪያ ጥገና በኋላ የሚታሰብ ይሆናል። መጻሕፍት ቢገዙም እንኳ መጽሐፍ ሲጠፋ ተጠያቂ የሚሆነው መምህሩ ከሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው መቅረታቸው አይቀርም። ስለዚህ በየዓመቱ የሚጠፋውንና የሚቀደደውን መጽሐፍ ለመተካት አስቀድሞ ጥቂት ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል። አርሶ አደር ለዘር ያስቀመጠውን እህል እንደማይበላው ሁሉ፣ ይህም ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ሊውል አይገባም።

ወላጆች መቼና የት ይጠይቁ?

የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። የወረዳው በጀት የሚዘጋጀው ከዚያ ቀደም ብሎ ሲሆን የሚጸድቀው በወረዳው ምክር ቤት ነው። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት የሚቀርብ ጥያቄ የዓመቱ ገንዘብ ከተደለደለ በኋላ ስለሚደርስ፣ ጉዳዩን ከክረምቱ በፊት ማንሳት ይጠቅማል።

በትምህርት ቤት ደረጃ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) እና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በዕቅዱና በገንዘቡ አጠቃቀም ላይ ድርሻ አላቸው። በስብሰባ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይቻላል፦

– ለመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ መጻሕፍት በዚህ ዓመት ስንት ብር ተይዟል?
– ልጆች መጽሐፍ ወደ ቤት ይወስዳሉ? ውሰቱ የት ይመዘገባል?
– የተቀደደና የጠፋ መጽሐፍ በምን ይተካል?

ማንበብ የማይችል ወላጅስ?

ያልተማረ ወላጅም ልጁን ማገዝ ይችላል። ማታ እራት እስኪደርስ ለሩብ ሰዓት ያህል ልጁን ድምፅ አሰምቶ እንዲያነብ ማድረግ፣ ያነበበውንም በራሱ አንደበት እንዲተርክ መጠየቅ በቂ ጅምር ነው። ታሪኩን መልሶ መናገር ያቃተው ልጅ ቃሉን ቢጠራም ሐሳቡን እንዳልያዘ ወላጁ ከዚህ ይረዳል። ይህ ከወላጅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ልጁ በእጁ የሚይዘውን መጽሐፍ ማቅረብ ግን በጀት ይጠይቃል።