የሊማሊሞ መንገድና የስሜን ሕዝብ

ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ደግሞ ደባርቅን ያገኛል። ደባርቅን ጥቂት እንዳለፈ ደጋው ያልቅና ገደሉ ከፊቱ ይከፈታል። መንገዱ ከዚህ በኋላ ዐለቱን እየታከከና እየተጠማዘዘ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዛሪማ ቆላ ይደርሳል። ይህ ስፍራ ሊማሊሞ ነው። ስለ ሊማሊሞ ሲነገር ዘወትር የሚደነቀው የጠመዝማዛው ብዛትና የሠሪዎቹ ብልሃት ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ሌላ ነገር ለመመርመር አስበናል፤ ይኸውም መንገዱ በዚህ በኩል እንዲያልፍ የወሰነው ማን እንደ ሆነ፣ በውሳኔውም የተጠቀመውና የተረሳው ማን እንደ ሆነ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የሊማሊሞን መስመር ያገኙት የኢጣልያ መሐንዲሶች አለመሆናቸው ነው። ከምፅዋ በዓድዋ በኩል ወደ ጐንደር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ ይህን ዳገት ይወጣ ነበር። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጐንደር የመጣው በዚሁ በኩል ሲሆን፣ ስለ ዳገቱ አስቸጋሪነትና በዚያ ስለሚጠየቀው ቀረጥ ጽፎ ትቷል። በዚያ ዘመን መንገድ ማለት የእግርና የኮቴ ዱካ ነበር፤ በክረምት ተከዜ ሲሞላም ነጋዴው ወንዙ እስኪጐድል መጠበቅ ግድ ይሆንበት ነበር።

የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገሩን ከያዘ በኋላ ይህን የበቅሎ መንገድ ለመኪና የሚሆን አደረገው። ዐለቱ በድማሚት ተፈለጠ፤ የድጋፍ ግንብ ተገነባ፤ አስመራና ጐንደርም በመኪና ተገናኙ። ሥራው ትልቅ መሆኑን መካድ አይቻልም። ዓላማው ግን የስሜንን ገበሬ ከገበያ ማገናኘት ሳይሆን ወታደርና ስንቅ ማመላለስ ነበር። ለዚህም ማስረጃው የወልቀፊት ታሪክ ነው። በደባርቅ አጠገብ ባለው በወልቀፊት አፋፍ የመሸገው የኢጣልያ ጦር የአስመራን መንገድ ዘግቶ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ከቈየ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጐንደርም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነፃ ወጣች።

ጠላት ሲወጣ መንገዱ ቀረ። ነገር ግን የተሠራ መንገድ ካልተጠበቀ የራሱ ጠላት አለው፤ እርሱም ውሃ ነው። የስሜን ተራራ ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ዐለት ንብብር የተሠራ ስለ ሆነ በጠንካራው ዐለት መካከል ለስላሳና የበሰበሰ ንብብር ይገኛል። የክረምት ዝናብ ወደዚህ ለስላሳ ክፍል ሲሰርግ ከላዩ ያለው ዐለት ይንሸራተታል፤ መንገዱንም ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በሊማሊሞ ላይ ከአስፋልቱ ይልቅ የሚያስፈልገው የውሃ መውረጃው ቦይ፣ ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦና የድጋፍ ግንቡ ነው። ቦዩ በአንድ ክረምት በደለል ቢደፈን ውሃው በመንገዱ ላይ ይሄዳል፤ የዓመታት ድካምም በአንድ ሌሊት ይፈርሳል።

ይህን የጥገና ጉዳይ በመላ አገሪቱ የሚመለከት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር አበደረ፤ የአውራ ጐዳና ባለሥልጣንም ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ተግባሩ በአብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ የተበላሹትን ዋና ዋና መንገዶች ማደስ ነበር። ይህ በጊዜው ትክክለኛ አሳብ ቢሆንም አንድ ውጤት ነበረው። የታደሰው የነበረው መስመር ስለ ሆነ፣ የወራሪው ጦር ለራሱ ጥቅም የመረጠው መስመር የነፃይቱ አገር ዋና መስመር ሆኖ ጸና። በመስመሩ ላይ የነበሩት ዳባትና ደባርቅ አደጉ። ከመስመሩ በስተምሥራቅ በተራራው ውስጥ ያለው የጃናሞራ ሕዝብ ግን እህሉን በአህያ፣ በሽተኛውን በቃሬዛ መሸከሙን ቀጠለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም እንኳ የምትገኘው በዚሁ መኪና ለብዙ ዘመን ባልደረሰበት አገር ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በብሩስ አገር በስኮትላንድ፣ ጄኔራል ዌድ ከ1725 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደጋው ምድር መንገድ የሠራው ያመፀውን ሕዝብ በጦር ለመያዝ ነበር። ከ1803 እ.ኤ.አ. በኋላ ግን ቶማስ ቴልፎርድ የተባለው መሐንዲስ የሕዝቡን ስደት ለማስቀረት ተብሎ ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ 1480 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ከ1000 የሚበልጡ ድልድዮችም አሠራ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የእጅ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ለማን እንሠራለን የሚለው ጥያቄ መልሱ ተለውጧል።

ለስሜን ደጋ ሕዝብ መልሱ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም ከሌላ ችግር ጋር መጣ። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በጨነቅ፣ በቧሂት ተራራ በኩል ወደ ጃናሞራ የሚያልፈው መንገድ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ ይሄዳል። ይህ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ዋልያ በዱር የሚኖርበት ብቸኛ ስፍራ ነው። ፓርኩ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ሲገባ ከዋልያው ቍጥር ማነስና ከእርሻው መስፋፋት ጋር የመንገዱ ሥራም እንደ ምክንያት ተጠቀሰ። ዋልያውን ለማዳን ሲባል የጃናሞራ እናት በቃሬዛ ትሂድ ማለት ፍርድ አይሆንም፤ ለመኪና ሲባልም ዋልያው ይጥፋ ማለት እንዲሁ። የተገኘው መፍትሔ የመሐንዲስ መፍትሔ ነበር፤ ከፓርኩ ውጭ ሌላ መስመር ተሠራ። በ2017 እ.ኤ.አ. ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ሲወጣ ካስቻሉት ነገሮች አንዱ ይህ ተለዋጭ መንገድ ነበር። የግጭ መንደር ሕዝብ ግን ከፓርኩ ወጥቶ በደባርቅ ሰፍሯል፤ ስለዚህ ከወጪው ከፊሉን የከፈለው እርሱ መሆኑን መርሳት አይገባንም።

ዛሬ ደባርቅ የሰሜን ጐንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ከተማ ሲያድግ ጣራውና ድንጋይ የተነጠፈበት መንገዱ ይበዛል፤ አፈሩ ይጠጣው የነበረውም የዝናብ ውሃ መሄጃ ይፈልጋል፤ ይህም ውሃ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ እንዳይለቀቅ ማሰብ ያስፈልጋል። መንገድ ከጦርነትም አያድንም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ በዚሁ መስመር ወጥቶ እስከ ዳባት አካባቢ ሲደርስ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ከመሐንዲስ ሥራ ሁሉ ከባዱ ዐለት መፍለጥ ሳይሆን መስመር መምረጥ መሆኑን ነው። ዐለት የተፈለጠበት ዘመን ያልፋል፤ መስመሩ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የምህንድስና ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን ወደፊት በካርታ ላይ እርሳሳቸውን ከማሳረፋቸው በፊት፣ ከመስመሩ ወዲያ የሚቀረው ሕዝብ ማን እንደ ሆነ ሄደው እንዲጠይቁ በትሕትና እናሳስባለን።