ሰምና ወርቅ፤ አሸዋና ነሐስ

በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ መካከል፥ ደብረ ወርቅ የምትባል ከተማ አለች። በደብሯ ያለችውና በትውፊት በወንጌላዊው ሉቃስ እጅ ተሥላለች የምትባለው የእመቤታችን ሥዕል ዝናዋ ከዓባይ ማዶ የተሰማ ነው። ዛሬ ግን የምንናገረው ስለ ሥዕሊቱ ወይም ስለ ገዳሙ ታሪክ አይደለም፤ ስለ ስሙ ሁለተኛ ክፍል፥ ስለ ወርቅ ነው። ወርቅ ስንልም በጎጃም ምድር ሁለት ወርቅ እንዳለ አንባቢ ያውቃል፤ አንዱ በእሳት የሚቀልጠው፥ ሁለተኛው በቅኔ ውስጥ የሚሰወረው ነው።

የጎንጅና የዋሸራ ሊቃውንት ደቀ መዛሙርታቸውን ሲያስተምሩ ሰሙ ይህ ነው፥ ወርቁ ይህ ነው እያሉ ይፈታሉ። ተማሪውም ገና ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ጀምሮ ይህን ቃል ሌሊትና ቀን ሲደግመው ይኖራል። ነገር ግን ቃሉ ከማን ቤት ተውሶ እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። ሊቁ ለምሥጢሩ ሁሉ የላቀ ምሳሌ አድርጎ የያዘው ነገር በወናፍና በከሰል መካከል በተቀመጠ ሰው እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ ሥራውን እንደ ሥራ መመልከት ለቅኔ ዐዋቂ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ምሳሌውን በሙሉ የሚረዳው ያን ጊዜ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንጥረኛው መስቀል ሊያፈስ ሲፈልግ አስቀድሞ የመስቀሉን መልክ በንብ ሰም ያበጃል፤ ሐረጉን፥ ቀዳዳውን፥ እጀታውን ሁሉ በሰም ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ በቀጭን የላመ ጭቃ ይቀባዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ በወፍራም ጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ የሚወጣበትና የቀለጠው የሚገባበት አንድ አፍ ይተውለታል። ጭቃው ከደረቀ በኋላ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፥ ቦታውም ባዶ ይቀራል። በባዶው ቦታ የቀለጠው ነሐስ ወይም ብር ወይም ወርቅ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ሰሙ የነበረው ሁሉ ወርቅ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ሰም ውሸት፥ ወርቅ እውነት ነው ብሎ የሚያስብ ተማሪ ቢኖር ከዚህ ይማር፤ ወርቁ መልኩን ያገኘው ከሰሙ ነው፥ ሰሙ የተሳሳተ እንደ ሆነ ወርቁም ይሳሳታል።

ከዚህ ሥራ ሁለተኛ ነገር ይከተላል። ሰሙ ቀልጦ ጠፍቷል፥ ጭቃውም ተሰብሯል፤ ስለዚህ ሁለተኛ መስቀል የሚፈልግ ሰው ሁሉንም እንደ ገና ከመጀመሪያ መሥራት ግድ ይሆንበታል። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት በሰም የፈሰሱ የጥንት የነሐስ መስቀሎች ሁለቱ እንኳ በትክክል የማይመሳሰሉት ስለዚህ ነው። የቅኔም ሥርዓት ይህን ይመስላል፤ ባለ ቅኔው በማኅሌት የሚያቀርበው ለዕለቱ የተቈጠረ አዲስ ቅኔ ነው፥ የትናንቱን መድገም ነውር ነው። አንድ ሰም ለአንድ ወርቅ ነው።

ሌላ የማፍሰስ ዘዴ ግን አለ፤ እርሱም በአሸዋ ማፍሰስ ነው። በዚህ ዘዴ አስቀድሞ የሚሠራው አብነት ከእንጨት ይጠረባል። ታችና ላይ የሚገጣጠሙ ክዳንና ወለል የሌላቸው ሁለት ሣጥኖች ይዘጋጃሉ። አሸዋው ደቃቅ ሆኖ ጥቂት ሸክላ አፈር የተቀላቀለበትና በመጠኑ የረጠበ ሊሆን ይገባል፤ በእጅ ጨብጠው ሲለቁት የጣቶቹን ምልክት ይዞ ሳይፈርስ የሚቀር፥ ከሁለት ሲሰብሩትም ስብራቱ ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ በቂ ነው። አብነቱ በታችኛው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አሸዋው በላዩ ይጠቀጠቃል፤ ሣጥኑ ተገልብጦ መለያያ የሚሆን ደረቅ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ የላይኛው ሣጥን ተገጥሞ እርሱም ይጠቀጠቃል። ከዚያ ሣጥኖቹ ተለያይተው አብነቱ በጥንቃቄ ይወጣል፤ የቀለጠው የሚገባበት መንገድና እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀጫጭን ቀዳዳ በሽቦ ይበጃል፤ ሣጥኖቹም ተመልሰው ይገጠማሉ። እንግዲህ የቀረው ማፍሰስ ብቻ ነው።

ይህን ሥራ በጓሮው ሊማር የሚወድ ሰው ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የውኃን ክፋት ነው። አሸዋው ከልክ አልፎ የረጠበ እንደ ሆነ፥ ወይም የቀለጠው ነሐስ እርጥብ ወለል ላይ የወደቀ እንደ ሆነ፥ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ወደ ላይ ይረጨዋል። የሚያፈስሰው ሰው ከደረቅ አፈር ላይ ይቁም፤ ጉጠቱንና የሚጨምረውን ቁራጭ ሁሉ አስቀድሞ በእሳት ያሙቅ። ሁለተኛ፥ ማንኛውም ብረታ ብረት ሲቀዘቅዝ ይሸበሸባል፤ ነሐስ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ስለሚያንስ አብነቱ በዚያው ልክ ከፍ ተደርጎ መጠረብ አለበት። ሦስተኛ፥ የመጀመሪያ ትምህርት በአሉሚንየም ቢሆን ይሻላል፤ እርሱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ነሐስ ግን ወደ 950 ዲግሪ፥ ንጹሕ መዳብ ደግሞ 1,085 ዲግሪ ይፈልጋል። ለአሉሚንየሙ በሸክላ የተለበጠ ትንሽ ምድጃ፥ ከሰልና ጥሩ ወናፍ ይበቃል።

ብረትስ? የሚል ይኖራል። የአገራችን ቀጥቃጭ ከጥንት ጀምሮ ብረትን ከድንጋዩ ሲያወጣ ኖሯል፤ ነገር ግን በሸክላ ምድጃውና በእጅ ወናፉ የሚያገኘው ሙቀት ብረቱን እንደ ውኃ አያደርገውም። የሚወጣው እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የሞላበት፥ አተላ የተቀላቀለበት ጓል ነው፤ እርሱንም በመዶሻ እየመታ አተላውን ያስወጣዋል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የብረት ሥራ የመዶሻ ሥራ ሆኖ ኖረ፤ ማፍሰስ የመስቀልና የጌጥ ሠሪው ድርሻ ሆነ። ይህም ልዩነት በኋላ ዋጋ አስከፈለን።

በአሸዋና በሰም መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በሰሙ ሥራ የሚጠፋው አብነቱ ነው፤ በአሸዋው ሥራ ግን አብነቱ ይተርፋል፥ የሚፈርሰው አሸዋው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አብነት መቶ ጊዜ ያገለግላል፥ አሸዋውም ተመልሶ ይታሻል። በእንግሊዝ አገር አብርሃም ዳርቢ የተባለ ሰው በ1707 በፈረንጅ አቆጣጠር የብረት ድስት በአሸዋ ለማፍሰስ የብቸኝነት ፈቃድ ከመንግሥት ተቀበለ፤ በ1709 ደግሞ ኮልብሩክዴል በምትባል መንደር ብረቱን በእንጨት ከሰል ፈንታ በድንጋይ ከሰል ኮክ ማቅለጥ ጀመረ። ነገሩ የድስት ነገር ነበረ፤ ለድሆች ወጥ ቤት ርካሽ ድስት ለመሸጥ የታሰበ ነው። ከዚያች መንደር ግን የልጅ ልጁ ዘመን በ1779 የብረት ድልድይ ወጣ። የአውሮፓን የእጅ ሥራ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ መድፍ አብዝተው ይናገራሉ፤ እኔ ግን ከመድፉ ይልቅ ድስቱ የሚያስደንቅ ይመስለኛል።

የኢትዮጵያ ነገሥታትም ይህን ጥበብ ሳይፈልጉ አልቀሩም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለ ሙያ እንዲላክላቸው ወደ አራጎን ንጉሥ ወደ አልፎንሶ ልከው ነበር፤ አልፎንሶም በ1450 በፈረንጅ አቆጣጠር በጻፈው መልስ ቀድሞ የተላኩት 13 ባለ ሙያዎች በመንገድ መሞታቸውን ገልጧል። አባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያለበት የፖርቱጋል መልእክት ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ከቆየ በኋላ፥ ዐፄ ልብነ ድንግልም ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ በላኩት ደብዳቤ የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችን ለምነዋል። ልመናው ከንጉሥ ወደ ንጉሥ እየተላለፈ ከ400 ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ደረሰ።

ከሞጣ ወርዶ በሰባራ ድልድይ በኩል ዓባይን ተሻግሮ በእስቴ የሚያልፍ መንገደኛ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ጋፋት በደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ስፍራ ናት። (ጋፋት የሚለው ስም ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ በዓባይ ዳር ይኖር የነበረ፥ ቋንቋውም በእኛ ዘመን አቅራቢያ የጠፋ ሕዝብ ስሙ ይኸው ነበረ።) በ1840ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተነሡ፥ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላካቸው ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ፍላድ፥ ቤንደር፥ ማየር፥ ኪንዝሌን የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ቫልድማየርና ሳልሙለር በኋላ ተጨመሩ። ሰዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የመጡ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመጽሐፉ ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ፤ በጋፋት አስፍረው መንገድ አሠሩአቸው፥ ሠረገላ አሠሩአቸው፥ የአገር ልጆችም ከእነርሱ ዘንድ ተቀምጠው ሥራ እንዲማሩ አዘዙ።

በመጨረሻም ንጉሡ መድፍ እንዲያፈስሱላቸው ጠየቁ። ሚሲዮናውያኑ ይህ ሙያችን አይደለም ብለው ነበር፤ ንጉሡ ግን አጥብቀው አስገደዱአቸው። እውነትም ሙያቸው አልነበረም። የጦር መሣሪያ ሠሪው ፈረንሳዊው ቡርጎና የፖላንዱ ተወላጅ ሞሪስ ሃል አብረዋቸው ሠሩ። እንደዚህ ያለ ትልቅ ነገር በሚፈስስበት ጊዜ ችግሩ አንድ ብቻ አይደለም፤ ምድጃው የሚሠራበት ጡብ እሳቱን መቻል አለበት፥ ነሐሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀልጦ መገኘት አለበት፥ መፍሰስ ከጀመረም በኋላ ማቋረጥ የለም፤ ግማሹ ከረጋ በኋላ የሚጨመረው ከፊተኛው ጋር አንድ አካል አይሆንምና። ይህን ሁሉ በእንጨት ከሰልና በእጅ ወናፍ አድርገው በ1850ዎቹ ዓመታት ሴባስቶፖል የተባለውን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ አወጡ። ስሙ ሩስያ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋር የተዋጋችበት የወደብ ከተማ ስም ነው።

ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህን መድፍ ወደ መቅደላ አስጐተቱ። መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ በዋድላና በደላንታ በኩል፥ የበሽሎንም ገደል ወርደው ሲወጡ፥ ጭፍራው ድንጋዩን እየፈነቀለ መንገዱን እየሠራ ሄደ፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው አብረው ይሠሩ ነበር። በመንፈቅ ያህል ጊዜ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ላይ የናፒየር ጦር ድል አደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ። የጋፋት ሠራተኞችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ፤ ቫልድማየር በሊባኖስ ተቀምጦ በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፥ ሃል ኢዮጴ ገባ። የጋፋት ምድጃ ጠፋ።

ለምን ጠፋ? ቢባል ንጉሡ ስለ ሞቱ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ መልስ ግማሽ ነው። ሥራ ከአንድ ንጉሥ ሞት በኋላ የሚተርፈው በቤት ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ነው። የዳርቢ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሄደ፤ ድስቱ በየገበያው ይሸጥ ነበረና። የጋፋት ሥራ ግን አንድ ገዥ ብቻ ነበረው፥ እርሱም ድስት አልፈለገም። ከዚህም ሌላ፥ ሥራውን የተማረ ልጅ ወደ መንደሩ ቢመለስ ምን ይጠብቀው እንደ ነበረ ሁላችን እናውቃለን። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ ይባል ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፥ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር። ማንም ልጁን አይድርለትም፤ ማረሻውን ግን ሁሉም ከእርሱ ይገዛል።

ይህ ነገር ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ኦሪት ባስልኤልን በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላ ትለዋለች፥ ጥበቡም በወርቅ፥ በብርና በናስ የሚሠራ ነበር። ሰሎሞንም ለቤተ መቅደስ ዕቃ ኪራምን ከጢሮስ አስመጣ፤ ይህም ሰው የናሱን ዕቃ በዮርዳኖስ ሜዳ፥ በሱኮትና በጻርታን መካከል፥ ሸክላ ባለበት መሬት እንዳፈሰሰው በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። ቦታው የተመረጠው ለአፈሩ ነው። ኦሪትን በቃሉ የሚያውቅ፥ የባስልኤልን ስም በክብር የሚጠራ ካህን በጎረቤቱ ያለውን ባስልኤል ሲያይ ፊቱን ማዞሩ እንግዳ ነገር ነው። የሰምና የወርቅን ምሥጢር የሚያራቅቀው መምህር ሰሙን የሚያቀልጠውን ሰው ከደጁ ካስቀረ ደግሞ እንግዳነቱ ይብሳል። ደቀ መዝሙሩን አንድ ቀን ወደ አንጥረኛ ቤት ወስዶ ጭቃው ሲሰበር ቢያሳየው ከብዙ ማብራሪያ ያሳርፈዋል ብዬ አስባለሁ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ፥ የተሳደበም እንዲቀጣ አዘዙ። አዋጁ የወጣው ጋፋት ከተዘጋ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም በመቅደላ አምባ ተጋድሞ ይገኛል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ተሠርቶ ቆሟል።