አውጫጭኝና የዘመድ ምስጢር

አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ነባር የምርመራ ሥርዓት፣ ፈጻሚው ያልታወቀ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ሲደርስ የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ እንዳይበተን የሚገደድበት ነበር። ከጉባኤው የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍል ነበር።

የሥርዓቱ ክብደት ከሁሉ ይልቅ ያረፈው በዘመድ ላይ ነበር፤ የወንድሙን ጥፋት የሚያውቅ ሰው ቢናገር ቤቱን ለውርደትና ለደም በቀል ያጋልጥ ነበር፣ ዝም ቢል ግን ያወቀውን ሊናገር የገባውን መሐላ አፍርሶ ንጹሕ ጎረቤቱን በጥርጣሬ ያስይዝ ነበር። ይህን ጭንቅ ለማቅለል የታሰበው «ወፍ» ነበር፤ ወፍ ማለት ማንነቱ ሳይገለጥ ያወቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምስጢር የሚያደርስ ጠቋሚ ነው። ዘዴው ርኅራኄ ያለበት ቢሆንም፣ ያው ስውርነት ቂመኛው ጠላቱን በሐሰት እንዲጠቁም፣ ምስጢር ያወቀውም ባለጉዳዩን እንዲያስፈራራ በር ይከፍት ነበር። ኋላ ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የወንጀል ምርመራን ከነዋሪው ጉባኤ ይልቅ የፖሊስ ሥራ አደረገው።